ትንሽ ትራክተር፣ አጭር ጥቅምት

በጎንደር ከተማ የወተት ላም የሚያረባ ሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ሐሳቡ ሁሉ ሣር ላይ ነው። ፋጉሎና ፉርሽካ ዓመቱን ሙሉ ከነጋዴ ይገዛሉ፤ አተላ ከጠላ ቤት፣ የቢራ ተረፈ ምርት ከፋብሪካ ይመጣል። ድርቆሽ ግን የሚሠራበት ጊዜ አንድ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ያብባል፤ አብቦ ጥቂት ሳምንት ከሰነበተ ግንዱ ይጠነክርና እንጨት እንጨት ይላል። በዚያች መሐል ያጨደ በጋውን ይሻገራል፤ ያላጨደ ጥር ላይ ጭድ ፍለጋ ይወጣል።

ችግሩ ያ ሰሞን የሣር ብቻ አለመሆኑ ነው። ገብሱም ያኔ ይደርሳል፣ ጤፉም ይከተላል፤ ማጭድ የያዘ እጅ ሁሉ ወደ እህሉ ይሄዳል። የቀን ሠራተኛ ይወደዳል፤ የሣሩ አጨዳ ወደ ኅዳር ይገፋል። ኅዳር ላይ የታጨደ ሣር ክምሩ ያው ትልቅ ነው፤ ምግብነቱ ግን ወርዷል። ግማሽ ያህሉ ሲያብብ የታጨደ ጥሩ ሣር ከመቶ 8 እስከ 10 እጅ ፕሮቲን ሊይዝ ይችላል፤ ዘሩን ያረገፈው ወደ 4 ይወርዳል። ላሚቱ ሆዷን ትሞላለች፣ ወተቱ ግን ይጎድላል።

ይህ የጎንደር ጣጣ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ሲወጡ የኖሩት የማዕከላዊ ስታትስቲክስ የእንስሳት ናሙና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የአገሪቱ ከብት ከሚበላው ከግማሽ በላዩ የሚገኘው ከግጦሽ ነው። ሲሶ ገደማው ጭድ፣ ገለባና አገዳ ነው። የድርቆሽ ድርሻ ከመቶ አሥር እጅ እንኳ አይሞላም።

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደው መንገድ ትራክተር ያውቃል። በቆላው የሰሊጥና የማሽላ እርሻ ላይ ትላልቅ ትራክተሮች ማረስ ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ደጋው ሌላ ነው። እዚህ ማሳው ጠባብ፣ መንገዱ ቀጭን፣ ሜዳው የተቆራረጠ ስለሆነ የሚሻለው ከ12 እስከ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ትራክተር ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥና ከታክስ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የሌማት ትሩፋት ወተትና ሥጋን የመንግሥት አጀንዳ ካደረገ በኋላ፣ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶችም የወተት አርቢዎችም ስለዚህ ማሽን መጠየቃቸው አይቀርም። ትራክተሩ ተገኘ እንበል፤ ለድርቆሽ ከኋላው ምን ይታሰርለት? መልሱን ሜዳው ይሰጣል፤ የሻጩ ካታሎግ የሚገለጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ዓይነት ሜዳ

የመጀመሪያው ከጎንደር በስተደቡብና በስተደቡብ ምዕራብ ወደ ጣና የሚወርደው የደምቢያና የጎንደር ዙሪያ ሜዳ ነው። ለጥ ያለ ነው፤ ሣሩም ይበዛል። አፈሩ ግን ዋልካ ነው። ጥቅምት ሲገባ ላዩ ደርቆ ሥሩ ገና እርጥብ ስለሆነ፣ ከባድ ትራክተር የገባበት ቦታ የጎማ ቦይ ይዞ ይቀራል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሰነጠቃል። እዚህ የትራክተሩ ትንሽነት ጥቅም ነው። ወደ ሐይቁ ዳርቻ ሲጠጉ እንቦጭ አለ። ይህ አረም ከክብደቱ ከዘጠና እጅ በላይ ውኃ ነው። ማጨጃ ውስጥ ሲገባ ይጠቀለላል፤ ከድርቆሹ ጋር ከታሰረም እስሩን ያሻግታል። ከማጨድ በፊት በእጅ ለቅሞ ከማውጣት ሌላ ዘዴ የለውም።

ሁለተኛው ከአምባጊዮርጊስ እስከ ዳባትና ደባርቅ በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋው የወገራ ደጋ ነው። ሜዳማ ቦታ አለው፤ ሣሩ ከማገጥ ጋር የተደባለቀበት ቦታ ከተገኘ ለላም ከዚያ የሚበልጥ የለም። ጠላቱ ሁለት ነው፦ ድንጋይና ፍልፈል። ፍልፈል የሚቆልለው የአፈር ጉብታ በሣር ተሸፍኖ አይታይም፤ ማጨጃው ሲደርስበት ግን ስለቱ አፈር ይቅማል። ጠሉም እስከ ረፋዱ አይለቅም፤ የሥራው ቀን በዚያው ልክ ያጥራል።

ሦስተኛው የጃናሞራና የበየዳ ዳገት ነው። ትራክተር ለዚህ አይታሰብም። ማጭድ፣ አህያና ከጣውላ የሚሠራ የማሰሪያ ሳጥን ሥራውን ይሠራሉ። ስለ ሳጥኑ ወደ በኋላ እንመለሳለን፤ ሜዳ ላለውም ይጠቅማልና።

ሃያ አምስት ሲባል ሃያ አምስት አይደለም

ትራክተር ሲገዛ የሚነገረው የሞተሩ ጉልበት ነው። የድርቆሽ ማሽን የሚያዞረው ግን ከትራክተሩ ኋላ በምትወጣው ዘንግ፣ መካኒኮች ፒቲኦ በሚሏት፣ የሚደርሰው ጉልበት ነው። በማርሽና በዘይት ፓምፕ በኩል ከመቶ 15 እጅ ያህሉ መንገድ ላይ ይቀራል። በደጋ ላይ ሌላም ቅናሽ አለ። አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ያጣል።

ሒሳቡ እንዲህ ይሆናል። 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ባሕር ጠረፍ ላይ በፒቲኦው 21 ይሰጣል። 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ጎንደር ወደ 17 ይወርዳል። 2,850 ሜትር ላይ በተቀመጠችው ደባርቅ የሚቀረው 15 ነው። «20 የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል» ተብሎ የተሸጠ ማሽን ደባርቅ ላይ ሞተሩን ቢያስለቅስ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም። ተርቦ ያለው ሞተር ይህን ቅናሽ በአብዛኛው ይችለዋል፤ በትንንሾቹ ትራክተሮች ላይ ግን ተርቦ ብዙም አይገኝም።

ከጉልበት ቀጥሎ የሚታየው ክብደት ነው፤ ብዙ ገዢ የሚረሳውም ይህንን ነው። 25 የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ከአንድ ቶን ብዙም አይዘልም። ከኋላው 400 ኪሎ ማሽን ሲሰቀልበት የፊት ጎማው ይቀልልና መሪው አልታዘዝም ይላል። ስለዚህ ሃይድሮሊኩ ስንት ኪሎ እንደሚያነሣ፣ ከፊት የሚታሰር የብረት ክብደት እንዳለው ከመግዛት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማጨጃው

በድርቆሽ ሥራ ውስጥ ሰው የሚያንሰው አጨዳ ላይ ስለሆነ ገንዘቡም በቅድሚያ ወደ ማጨጃው መሄድ አለበት። ገበያ ላይ ያሉት በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው ባለ ጥርስ ማጨጃ ነው። ረጅም ብረት ላይ የተደረደሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምላጮች ቋሚ ጣቶች መሐል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ ሣሩን ይቆርጣሉ፤ አሠራሩ እንደ ፀጉር አስተካካይ ቶንዶስ ነው። ጉልበት አይፈጅም፦ 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ለትንሽ ትራክተር ቀላል ሥራ ነው፤ ኋላ የምናነሣው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርም ይችለዋል። አቆራረጡ ንጹሕ ስለሆነ ሣሩ ሳይከታተፍ ይወድቃል፤ ሥሩም ቶሎ ያቆጠቁጣል። ድካሙ ሌላ ነው። ምላጩ በየቀኑ መሳል አለበት። በዝናብ የተኛና የተጠላለፈ ሣር ሲያጋጥመው ይታነቃል። ድንጋይ ከነካ ምላጩ ይሸረፋል፤ የፍልፈል ጉብታ ውስጥ ከገባ ደግሞ ሾፌሩ ወርዶ አፈሩን በእጁ ማጽዳት አለበት።

ሁለተኛው ባለ ከበሮ ማጨጃ ነው። ሁለት ከበሮዎች በፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ ከሥራቸው የታሰሩት አጫጭር ምላጮች ሣሩን መትተው ይጥሉታል። የተኛ ሣር አያቆመውም፣ ጉብታም ብዙ አያስቸግረውም። ምላጩ በአንድ ቡሎን የሚፈታ ስለሆነ በደቂቃዎች ይቀየራል። ዋጋው ጉልበትና ክብደት ነው፦ ትንሹ፣ 1.35 ሜትር ስፋት ያለው፣ ፒቲኦው ላይ 25 ያህል የፈረስ ጉልበት ይወዳል፤ ክብደቱም ሁሉ በትራክተሩ ቀኝ ጎን ላይ ይንጠለጠላል። ቀደም ሲል የተሠራውን ሒሳብ ላስታወሰ፣ ይህ ማጨጃ በጎንደር ዙሪያ ከ35 በላይ፣ በደባርቅ ደግሞ ከ40 በላይ የፈረስ ጉልበት ያለው ትራክተር ይፈልጋል ማለት ነው። ድንጋይ ሲያገኝም እንደ ጥይት ስለሚያስፈነጥረው መከለያ ሸራው ተቀዶ መሥራት የለበትም፤ ሰውም ከብትም አጠገቡ መቆም የለበትም።

ሦስተኛው የቁጥቋጦ መመንጠሪያ፣ ሻጮች ስላሸር የሚሉት ነው። ርካሽና ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ሰው «ሣርም ያጭድልኛል» ብሎ ይገዛዋል። ያጭዳል፤ ነገር ግን ሣሩን ከታትፎ ከአፈር ጋር ስለሚደባልቀው ኋላ ለመሰብሰብ ያስቸግራል፤ ቅጠሉም መሬት ላይ ይቀራል። ለድርቆሽ የሚሆን አይደለም።

ለወገራ ድንጋያማ ሜዳና ለጠባብ ማሳ አራተኛ አማራጭ አለ፦ ሾፌሩ ከኋላው እየሄደ በእጁ የሚመራው ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጣሊያኑ ቢሲኤስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1943 ሥራ የጀመረው በራሱ ሞተር በሚሄድ የሣር ማጨጃ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ደግሞ የዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል፣ ሲሚት፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአራት የአፍሪካ አገሮች ባካሄደው ፕሮጀክት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ለመዝሪያ፣ ለመውቂያ፣ ለውኃ መሳቢያና ለጭነት ተሞክሯል። ገዢው መለየት ያለበት ነገር አለ። ከቻይና የሚመጡት ባለ 12 እና ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ትራክተሮች ኃይል የሚያስተላልፉት በቺንጋ ነው፤ የተለመደው ፒቲኦ የላቸውም። ለጣሊያን ሠራሹ የተሠራ ማጨጃ እነሱ ላይ አይገጥምም። ማጨጃውና ትራክተሩ ከአንድ ሻጭ፣ ተገጥመው ታይተው ቢገዙ ይሻላል።

ምን ያህል ያጭዳል? 1.2 ሜትር ስፋት ያለው ማጨጃ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ፣ ለመዞሪያና ለማጽጃ ሩብ ያህል ጊዜ ቢቀነስለት፣ በሰዓት 3,600 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ጥማዱን የሄክታር ሩብ አድርገን ብንይዝ አንድ ጥማድ ተኩል ገደማ ነው። ጠሉ ከለቀቀ በኋላ በሚሠሩ አምስት ሰዓታት ሰባት ጥማድ ይታጨዳል። ለአብዛኛው የደጋ አርቢ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ ሰፊ ማጨጃ የሚያስፈልገው ለሌላውም የሚያጭድ ሰው ነው።

ፀሐይ በነጻ የምትሠራው

በአውሮፓ የድርቆሽ ማሽን ዝርዝር ውስጥ ከማጨጃው ቀጥሎ የሚመጣው ሣሩን በትኖ የሚያገላብጥ ማሽን ነው። ዝናብ በየሳምንቱ ለሚመጣበት አገር ያስፈልጋል። በጎንደር ጥቅምት ግን ዝናቡ ከወጣ፣ የታጨደ ሣር ሁለት ሦስት ቀን በፀሐይ ከተኛ ይበቃዋል፤ አንድ ጊዜ በመንሽ ቢገለበጥ መልካም ነው። ለዚህ ማሽን የሚወጣውን ገንዘብ መቆጠብ ይቻላል። እንዲያውም እዚህ የሚያሰጋው የፀሐይ መብዛት ነው፦ ከልክ በላይ የደረቀ ሣር አረንጓዴነቱን ያጣል፤ የማገጡም ቅጠል ሲነኩት ይረግፋል። ስለዚህ ሣሩ የሚሰበሰበው ጠሉ ጨርሶ ሳይለቅ፣ በማለዳ ነው።

ለመሰብሰብ ባለ ጣት መንኮራኩር የሚባለው ማሽን ለትንሽ ትራክተር የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። መንኮራኩሮቹን የሚያዞራቸው የፒቲኦ ጉልበት ሳይሆን መሬቱ ራሱ ነው፤ ትራክተሩ የሚጠበቅበት መጎተት ብቻ ነው። ማርሽ የለውም፣ የሚሰበረውም ጣቱ ነው። ድንጋያማ መሬት ላይ ግን ጣቶቹ ዝቅ ብለው ከተስተካከሉ ድንጋዩን ከሣሩ ጋር ይሰበስባሉ፤ ያ ድንጋይ ባለር በሚባለው የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ውስጥ ከገባ ጥፋቱ ይከብዳል።

መድረቁ በምን ይታወቃል? ለክምችት የሚሆን ድርቆሽ እርጥበቱ ከመቶ 15 ገደማ ነው፤ ከ20 ካለፈ ይሻግታል፣ ሲታፈን ይግላል፣ አንዳንዴም ይቃጠላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከተለያየ ቦታ የተወሰደ ሣር ይከተፍና ክዳን ባለው ደረቅ ብርጭቆ ውስጥ ከአንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጋር ለሁለት ደቂቃ ይናጣል። ጨው ሳይጣበቅ ከሥሩ ከወረደ ሣሩ ደርቋል። የብርጭቆው ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አንድ ቀን መጠበቅ ነው።

ባለሩ

ማሽኑ ውድ የሚሆነው፣ ስሌቱም የሚጠነክረው እዚህ ላይ ነው። ልቅ ድርቆሽ አየር ይበዛበታል፤ ሲታሰር መጠኑ ከግማሽ በታች ይሆናል። አይሱዙ ላይ ለሚጭን፣ ከተማ ውስጥ በጠባብ ግቢ ለሚያከማች ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ከሱሉልታና ከአካባቢው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ድርቆሽ በእስር በእስር ሆኖ መሸጡ ለዚሁ ነው።

ባለ አራት ማዕዘን እስር የሚሠራው የተለመደው ባለር 36 በ46 ሴንቲ ሜትር የሆነና 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን እስር ያወጣል፤ በሰዓት ከመቶ በላይ ያስራል። ግን ራሱ ከአንድ ቶን በላይ ይመዝናል። 35 የፈረስ ጉልበት ዝቅተኛው ነው፤ በደጋ 45 ይሻላል። ሣሩን የሚደቁሰው ብረት በየምቱ ትራክተሩን ስለሚነቀንቀው ቀላል ትራክተር አይችለውም። ከዚህም በላይ ቁልቁለት ላይ ባለሩ ትራክተሩን ይገፋዋል። ለደምቢያ ሜዳ ሊሆን ይችላል፤ ለዳባት ተዳፋት አይሆንም።

ለትንንሽ ትራክተሮች የሚሠራው አነስተኛ ክብ ባለር ነው። የክቡ ስፋት 50፣ ርዝመቱ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥቅል ይሠራል፤ አንድ ሰው የሚሸከመው ነው። በፒቲኦ 20 ያህል የፈረስ ጉልበት ይበቃዋል፣ ከኋላም ይሰቀላል። ሁለት ነገር ይታወቅለት፦ ክብ እስር ተዳፋት ላይ ከተተወ ይንከባለላል፤ ሲከመርም ከአራት ማዕዘኑ ይበልጥ ቦታ ይፈጃል።

የማሰሪያው ሲባጎ ጉዳይም አለ። የፕላስቲክ ሲባጎ ርካሽ ነው፤ ግን ቁራጩ ከድርቆሹ ጋር ላሟ ሆድ ውስጥ ሲገባ አይፈጭም፣ እዚያው ተጠቅልሎ ይቀመጣል። የቃጫ ሲባጎ በአንጻሩ ይበሰብሳል። ፕላስቲክ የሚጠቀም እስሩን ሲፈታ ቁራጩን ሁሉ ቆጥሮ ማውጣት አለበት።

ባለሩ የሰብል ቅሪትስ ያስራል ወይ? ከጣና ማዶ የሚገኘው የፎገራ ሩዝ ገለባ ረጅም ስለሆነ ያስረዋል፤ የሥራ ወቅቱም በዚያው ይረዝማል። አውድማ ላይ በበሬ የተረገጠ የጤፍ ጭድ ግን አጭርና ለስላሳ ስለሚሆን በሲባጎው መሐል ይሾልካል። ለእሱ የሚሻለው ሳጥኑ ነው።

ሳጥኑ ምንም ምሥጢር የለውም። 85 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 55 ስፋት፣ 45 ጥልቀት ያለው ክዳን አልባ የጣውላ ሳጥን ነው። ሲባጎው አስቀድሞ በውስጡ ይዘረጋል፤ ድርቆሹ እየተጨመረ በእግር ይረገጣል፤ ሲሞላ ይቋጠርና ይወጣል። 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል፤ ናፍጣ አይጠይቅም።

ማን ይግዛ?

ሦስት የወተት ላሞች ያሉት የከተማ አርቢ ለስድስት የበጋ ወራት ለእያንዳንዷ በቀን 8 ኪሎ ድርቆሽ ቢመድብ 4,320 ኪሎ ያስፈልገዋል፤ ይህም 216 እስር ነው። ባለሩ ይህን በሁለት ሰዓት ጨርሶ ዓመቱን ሙሉ ይቆማል። ሁለት ሰው በሳጥን ቢያስረው አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ለዚህ አርቢ ባለር መግዛት አያዋጣም፤ ማጨጃውንም ከጎረቤት ጋር ቢጋራው ይሻላል።

ባለር የሚያዋጣው ለሌላው እያሰረ ለሚያስከፍል ማኅበር ወይም ግለሰብ ነው። በሲሚቱ ፕሮጀክት የተሞከረው አካሄድም ይኸው ነበር፦ አንድ ባለ ማሽን ለብዙ ገበሬ በክፍያ ያገለግላል፤ ትራክተሩም በሌላው ወቅት ሲወቃና ሲጭን ይውላል። በክልሉ እንዲህ ያለ ማሽን በኪራይ መልክ ለማግኘት እንደ ዋልያ የካፒታል ዕቃዎች ፋይናንስ ያሉ ተቋማት አሉ፤ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ሆኖ ክፍያው በየጊዜው ይፈጸማል። ክፍያው ከድርቆሹ ሽያጭ ወር ጋር እንዲገጣጠም በውሉ ማስገባት ግን የገዢው ፋንታ ነው።

ስለ ደጋው ልብስ አንድ ነገር መጨመር ግድ ነው። ፒቲኦ በደቂቃ 540 ጊዜ ይዞራል፤ በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ማለት ነው። በዳባት ብርድ ጋቢ ለብሶ ወደሚዞረው ዘንግ የሚጠጋ ሰው፣ የጋቢው ጫፍ ከተያዘ እጁን ለመሰብሰብ ጊዜ የለውም። የዘንጉ የፕላስቲክ መከለያ ለመዋቢያ የተሠራ አይደለም፤ ከተሰበረ ማሽኑ መቆም አለበት። ባለር ሲታነቅም ሞተሩ ሳይጠፋ እጅ ወደ ውስጥ አይገባም።

የቀረው መለዋወጫ ነው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታና ቺንጋ ጎንደር ውስጥ ይገኛሉ፤ ቶርኖ ቤቶችም ዘንግ ያወጣሉ። የማጨጃው ምላጭ፣ የመሰብሰቢያው ጣትና የባለሩ ቋጠሮ መሥሪያ ግን በብየዳ የሚተኩ አይደሉም፤ ከማሽኑ ጋር አብረው መገዛት አለባቸው። ጫናው ከልክ ሲያልፍ ማሽኑን ለማዳን ተብለው የሚሰበሩት ለስላሳ ቡሎኖችም ከዚሁ ይቆጠራሉ። አንዳንድ መካኒክ በጠንካራ ቡሎን ይተካቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰበረው የማርሽ ሳጥኑ ነው። ከውጭ የሚታዘዝ ዕቃ ለመድረስ ወራት ስለሚወስድ፣ ለጥቅምት የሚፈለገው ግንቦት ላይ መታዘዝ አለበት። ገዢው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊትም ሻጩ ማሽኑን ከራሱ ከገዢው ትራክተር ጋር አያይዞ፣ ሣሩ በቆመበት በራሱ ሜዳ ላይ አንድ ጥማድ እንዲያጭድለት ይጠይቅ፤ ጉልበቱም፣ ክብደቱም፣ ድንጋዩም እዚያ ይፈተሻሉ።